የልጆቻችን ገላ አማና ነው



የተከበራችሁ ወላጆች! በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ብርዱ ቤተሰቡን በአንድ ባና ሥር ያሳድረዋል። ሕክምና ያልጀመረ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በቤቱ ካለ፣ አብሮ በመኖር ብዛት ተህዋሲው በትንፋሽ ወደ ልጆች ሊያልፍ ይችላል። ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት ይፈጃልና፣ በሕፃንነቱ የተያዘ በጉርምስናው ሊታይበት ይችላል። ልጅ ታሞ መገኘቱም በአቅራቢያው ያልታከመ ሰው እንዳለ ይጠቁማል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ይመርመር እንላለን።

ቋቁቻ የሚመስል፣ ሲነኩት ግን የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ካያችሁ ልጁን ጤና ጣቢያ አድርሱት። ‹‹በዘር የመጣ ነው›› እያልን ለጋብቻ ስም ብለን አንደብቀው። በሽታው የተህዋሲ እንጂ የዘር አይደለም፤ መድኃኒቱም በነፃ ለ6 ወይም ለ12 ወር ይሰጣል። የተደበቀ ልጅ እጁና እግሩ ሊጎዳ ይችላል፤ ቶሎ የታከመ ግን ድኖ ይማራል፣ ያገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን፤ አሚን።