የፈረንሳይኛ ሁለተኛ ዲግሪና የአማርኛ ዕዳው

(በወሎ ሰፈር በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



እኛ የወሎ ሰፈር ልጆች ፈረንሳይኛን ያወቅነው ከመጽሐፍ በፊት በመንገድ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በደረሰ ቁጥር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡት እንግዶች በደጃችን ያልፋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚነጋገሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። ለአገራችንም ባዳ አይደለም። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሥራውን ያካሄደበት፥ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊትም በዳግማዊ ምኒልክና በተፈሪ መኰንን ት/ቤቶች አባቶቻችን የተማሩበት ነው።

እንግዲህ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻ ሰው ምን ይጠየቃል? የመጀመሪያ ዲግሪ፥ የመግቢያ ፈተና፥ ኮርሶች፥ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቆሞ የሚሟገትለት የጥናት ጽሑፍ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይጨመር እንላለን፤ እርሱም ትርጉም ነው።

ምክንያታችን ይህ ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ታሪክ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ሆኖም አስቀድሞ የታተመው በፈረንሳይኛ፥ በፓሪስ፥ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ነው። አማርኛው አዲስ አበባ ላይ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነበር። የገዛ ታሪካችንን ለማንበብ ከሠላሳ ዓመት በላይ በባዕድ ቋንቋ ደጅ ጠናን! ዛሬም ስለ አገራችን በፈረንሳይኛ ተጽፎ ገና ያልተተረጐመ ብዙ አለ።

ስለዚህ ለዲግሪው የሚበቃ ሁሉ ከጥናቱ ጋር ሃያ ገጽ እንኳ ወደ አማርኛ መልሶ ያስረክብ። መምህራኖቻችን ሐሳቡን እንዲመክሩበት እንለምናለን። እኛም እስኪፈቀድ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ ከመጪው ቅዳሜ ጀምረን በየሳምንቱ አንድ ገጽ እንተረጕማለን። የቻለ ያርመን፤ ያልቻለ ይማር።