ፓወርፖይንት ከመሠረቱ

1ኛ አቅራቢ፦ በካምፓላ ንቲንዳ የኡጋንዳ ብሔራዊ የፈተናዎች ቦርድ ይገኛል። የአገሪቱ ተማሪዎች ኮምፒውተርን በተግባር ጭምር ይፈተናሉ። በዚያ አገር ለሚማሩ ልጆቻችን የገለጻ ማዘጋጃ ፕሮግራሙ ፓወርፖይንት ከየት ይጀመር፣ እህቴ?

2ኛ አቅራቢ፦ ከአራት የምናሌ ርዕሶች፣ ወንድሜ። «ፋይል» ሥራን ለመክፈትና ለማስቀመጥ፤ «ሆም» ስላይድ ለመጨመርና ፊደል ለማስተካከል፤ «ኢንሰርት» ሥዕልና ሠንጠረዥ ለማስገባት፤ «ስላይድ ሾው» ለማቅረብ።

1ኛ አቅራቢ፦ የቁልፍ ሰሌዳውስ?

2ኛ አቅራቢ፦ ኮንትሮልና ኤም አዲስ ስላይድ ያመጣል። ኮንትሮልና ዜድ የመጨረሻውን ለውጥ ይሽራል። ኤፍ 5 ከመጀመሪያው ስላይድ ያስጀምራል። በማቅረብ መሀል የ«ቢ» ቁልፍ ሲጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ የሰዉም ዓይን ወደ ተናጋሪው ይመለሳል።

1ኛ አቅራቢ፦ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው! ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ሲወጣ ሰዎች በፕሮጀክተር የሚያሳዩትን ገጽ ያዘጋጁበት ነበር። ዛሬም ቢሆን አጋዥ ነው፤ ንግግሩን የሚሸከመው ተማሪው ራሱ ነው።

2ኛ አቅራቢ፦ በአማርኛ ለምታዘጋጁ ደግሞ አደራ፦ የምታቀርቡበት ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። በፒዲኤፍም አስቀምጡት።

1ኛ አቅራቢ፦ ለመግዛት አቅም የሌለውስ?

2ኛ አቅራቢ፦ ሊብሬኦፊስ ኢምፕሬስ በነፃ ይገኛል፤ ኤፍ 5ም ኮንትሮልና ኤምም እዚያ ይሠራሉ።

1ኛ አቅራቢ፦ እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከፈተናው በፊት ሥራቸውን እቤት ቆመው እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቋቸው፤ ቁጭ ብላችሁም አድምጧቸው።