በሥር ውስጥ የሚኖሩ ረዳቶች

በሰቆጣ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን ራሱን በወይን ግንድ፣ እኛን በቅርንጫፎቹ መስሎ እንዳስተማረ ከእናንተ ተምረናል። ለቅዳሴው ዘቢብ የምታዘጋጁትም እናንተ ናችሁና ነገራችንን ከወይን እንጀምራለን። የዕፀዋት ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ ጤነኛ የወይን ተክል ብቻውን አይኖርም። በሥሩ፣ በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አንዳች ጉዳት ሳያደርሱበት ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ፓራቡርክሆልደሪያ ፊቶፊርማንስ የተባለው፣ መጀመሪያ የተገኘው ከሽንኩርት ሥር ነው። በወይን ችግኝ ላይ ሲሞከር በሥሩ ገብቶ፣ ውኃ በሚወጣበት መንገድ እስከ ቅጠሉ ደረሰ፤ ችግኙም ብርድንና ግራጫ ሻጋታን ከሌሎቹ ይልቅ ተቋቋመ።

የዋግ ኽምራ ገበሬ የሚኖረው በወይን አይደለም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ኅብረት በባቄላችን፣ በአተራችን፣ በምስራችንና በሽምብራችን ሥር አለ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ግን ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ራይዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች በጥራጥሬ ሥር ገብተው ትንንሽ እባጮች ያበጃሉ፤ ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፣ እነርሱም ናይትሮጅኑን ለምግብነት አዘጋጅተው ይሰጡታል። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ቤየሪንክ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። አባቶቻችን ስማቸውን ባያውቁም ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ ባቄላ በተነሣበት ማሳ ገብስ መዝራታቸው ምስክር ነው።

ይህ ነገር ለምን ያሳስበናል? በጾማችን ወራት ገላን የሚጠግነው ሽሮውና ክኩ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ሲወስን፣ ሰነዱ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ቃል ኪዳኑ የከተማችንን ስም ይዟልና የሕፃናቱ ገበታ ከሁሉ በፊት እኛን ይጠይቀናል። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ባቄላው ናይትሮጅኑን ከአየር ማግኘት ከቻለ፣ ለአንድ ድኻ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው።

በሀገራችን እንደ መናገሻ ባዮቴክ ያሉ አምራቾች ባክቴሪያውን በእሽግ አዘጋጅተው ያቀርባሉ። እኛም አምጥተን ነበር፤ ጥፋታችንንም ልንሰውር አይገባንም። እሽጎቹን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ተውናቸው። ገበሬዎቹ ቃላችንን አምነው ዘሩ። በአበባው ወራት ሥሩን ቆፍረን ብናይ፣ ከሌላው ማሳ ምንም አልተለየም። አንድ አረጋዊ ካህን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እርሾውን በፈላ ውኃ ገድላችሁ ሊጡ አልቦካም ትላላችሁን?» ሌላ መልስ አልነበረንም፤ ይቅርታ ጠየቅን።

እርሾ ሕያው እንደሆነ ሁሉ ይህም ሕያው ነው። ስለዚህ ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ፤ የአገልግሎት ዘመኑም ይነበብ። ለባቄላ የተዘጋጀው ለሽምብራ አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ አለው። ዘሩ በጥላ ሥር፣ በጥቂት ስኳር ውኃ ረጥቦ ከባክቴሪያው ጋር ይታሽ፤ በዚያው ዕለት እርጥበት ባለው መሬት ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይልበስ። በፀረ ተባይ ኬሚካል ከታሸ ዘር ጋርም አይቀላቀል፤ ኬሚካሉ ሊገድለው ይችላልና።

ከመግዛታችሁ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር አድርጉ። ባቄላው ሲያብብ ጥቂት ሥር በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡ፤ መንቀል እባጮቹን በአፈር ያስቀራል። እባጩን በጥፍር ሰንጥቃችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ቀያይ እባጮች በብዛት ካገኛችሁ አፈራችሁ የራሱ ረዳቶች አሉትና ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ባክቴሪያው ናይትሮጅን እንጂ ፎስፈረስ አያመጣም፤ ዝናብ ሲቀርም ድርቁን አያስቀርም። ያልተባለ ተስፋ ለገበሬ አንስጥ።

አንዲት እናት «ሕያው ነገር ከሆነ ጾም አይገድፍምን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባክቴሪያው የሚሠራው በሥሩ ነው፤ የምንበላው ፍሬውን ነው። እንጀራችንንም የሚያቦካው እርሾ ሕያው ነው፤ በጾምም በፍስክም እንበላዋለን።

ከእናንተ የምንለምነው ይህ ነው። እያንዳንዱ ደብር ከመሬቱ ሁለት ትይዩ መደቦች ይስጥ፤ አንዱ በባክቴሪያ በታሸ ዘር፣ ሌላው በተራው ዘር በአንድ ቀን ይዘራ። ምእመናን ከቅዳሴ ሲወጡ ሁለቱን ይመልከቱ፤ ትምህርቱም በአማርኛና በኽምጣንኛ ይሰጥ። በመከር ጊዜ የሁለቱም ምርት በአንድ ቁና ይሰፈር። ልዩነት ካለ ካለ፣ ከሌለ ደግሞ የለም ተብሎ ይጻፍ። እኛ ባለፈው የሳትነው በእሽጉ አያያዝ ነው፤ በቁጥሩ ደግሞ ብንስት ገበሬው ሁለተኛ አያምነንም። ሥሩን አብረን እንቆፍር፤ ያየነውን አብረን እንመስክር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።