ማን ነካው?
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ምሽት የቀረበ ንግግር)



«አሥር ደቂቃ አለህ፣ ስለ ሙያህ ተናገር» ስባል አዘጋጆቹ ስለ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት እንዳወራ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ አባቴ መኪና ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1984 ሞዴል መርሴዲስ 300 ዲ ናት፤ ባለ አምስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ። አባቴ ካረፈ በኋላ ለእኔ ደረሰችኝ። ባለፈው ዓመት ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር መንሸራተት ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትጎትትም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣማ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያንባርቅብኝ ነበር።

ሁለት ጋራዥ ጠየቅሁ። ሁለቱም «ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል፣ ካምቢዮው ወርዶ ይፈታ» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ መሸጥ አሰብኩ። እናቴ ነገሩን ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ ከዋጋው በላይ ከበደኝ።

ሦስተኛው መካኒክ ምንም ከመፍታቱ በፊት ዘይቱን አየ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አድርጎ ለካ። መለኪያውን የጠረገው ክር በማይለቅ ጨርቅ ነው፤ ክር ቫልቭ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ልኩ ሙሉ ነው፣ ቀለሙ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። «ፍሪሲዮን ተቃጥሎ ቢሆን ዘይቱ ይነግረን ነበር» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይህን ካምቢዮ መጨረሻ ላይ ማን ነካው?»

«ማንም» አልኩት።

በካምቢዮው ጎን ሞጁሌተር የሚባል ዕቃ አለ። ቫክዩም ሲበዛለት የዘይቱን ግፊት ይቀንሳል፣ ማርሹ በልስላሴ ይገባል። ቫክዩም ሲያንሰው ግፊቱን ይጨምራል፣ ማርሹ እየመታ ይገባል። በዚህች መኪና ቫክዩሙን የሚሰጠው አንድ ፓምፕ ነው፤ የበሮቹን መቆለፊያና የሞተሩን ማጥፊያም የሚያሠራው እሱው ነው።

መካኒኩ ሥር ገብቶ «የማስተካከያዋ ጎማ ክዳን የለችም፤ አንድ ሰውማ ነክቶታል» አለ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ማርሹ ይመታ ነበር፤ ቁልፍ ስዘጋም ሞተሩ ቶሎ አይጠፋም። እኔው ራሴ ሥር ገብቼ ያቺን ማስተካከያ አላላኋት። መምታቱ ቀረ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። በኋላ የአንዱ በር መቆለፊያ ጎማ ተቀዶ ቫክዩም ሲያስወጣ አገኘሁትና ቀየርኩት። ሞተሩም በቁልፍ እሺ ብሎ መጥፋት ጀመረ። ማስተካከያዋን ግን ወደ ቦታዋ አልመለስኳትም። ቫክዩሙ ሙሉ ሲሆን ግፊቱ ከልክ በታች ወረደ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ አቃተው።

መካኒኩ ጌጅ አስሮ፣ በትንሽ በትንሹ እያጠበቀ፣ በየመሃሉ እየነዳ ሞከረ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርን፤ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለውንም አፈሰስን፤ እሱ ካልፈሰሰ ብዙ አሮጌ ዘይት ውስጥ ይቀራልና። «እየተንሸራተተች ጥቂት ወር ብትነዳት ኖሮ» አለኝ፣ «የእነዚያ ጋራዦች ቃል እውነት ይሆን ነበር።»

መምህራን ሆይ፣ እኔ ላቦራቶሪ ሳስተምር «ቀን የለውም፣ ምን እንደለወጥክ አልጻፍክም» እያልኩ ከተማሪ ነጥብ ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለራሴ መኪና ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም። መካኒኩ ሲጠይቀኝም ሳላስብ «ማንም» አልኩ። ያ መልስ ካምቢዮ ሊያስፈታኝ፣ የአባቴንም መኪና ሊያሸጠኝ ነበር።

አሁን በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የላላችው ማስተካከያ ተጽፋለች፤ ያላላትም ሰው ስሙ አለ። እናቴ እሑድ እሑድ እንጦጦ ማርያም የምትሳለመው በዚያችው መኪና ነው፤ ዳገቱን ስንወጣም ክላክስ የሚያደርግብን የለም።