ለቅምሻ ይከፈላል ወይ?

(ባሕር ዳር፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር አንዲት እህታችን ያነሣችውን ጥያቄ አጣርተን እንድናቀርብ ሦስታችንን መርጣችሁ ነበር። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ክረምቱን ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ ቤት ሲሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ገና ተሠርቶ ያላለቀ የኮምፒውተር ጌም ሊገዛ ፈለገ። ዋጋው 30 ዶላር ነው። ውጭ አገር ያለችው አክስቱ በካርዷ ልትከፍል፣ እሱም ብሩን ለእናቱ ሊሰጥ ተስማምተዋል። እናቱ ግን «ላላለቀ ነገር ምን ብሎ ይከፈላል?» አለች፤ ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ።

ያን ዕለት አንዳንዶቻችን ስቀን ነበር። ስናጣራው ግን የሚያስቅ ነገር አጣንበት። ጌም ዛሬ የሥራ መስክ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የአያቶቻችንን ገበጣ የስልክ ጨዋታ አድርጎታል። ልጁም አንድ ቀን ጌም መሥራት ነው ምኞቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ ጌሙን በጅምሩ ይሸጡታል፤ ገዢው እየተጫወተ ስሕተት ያገኘበትን ይነግራቸዋል፤ እነሱም በገንዘቡ ሥራውን ይቀጥላሉ። ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ስቲም ይህን የጀመረው በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ጠላ የምትጠምቁ እህቶች አላችሁ። ቀማሽን ታስከፍላላችሁ? አታስከፍሉም። ቀምሶ «ጌሾው በዛ» ያለ ሰው ረድቷችኋል። እዚህ ላይ ግን ቀማሹ ይከፍላል፣ ጉድለቱንም ይናገራል። መጀመሪያ የከነከነን ይህ ነው።

ሌላም ወገን አለው። ሞሰብ የምትሰፋው እህታችን አለላውን የምትገዛው በተቀበለችው ቀብድ ነው። ያለ ቀብድ ሥራዋ አይጀመርም። ማይንክራፍት የተባለው ዓለም ያወቀው ጌም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በጅምሩ ይሸጥ ነበር፤ ያን ጊዜ የገዙት ኅዳር 2004 ዓ.ም. ተጠናቆ ከወጣ በኋላ ከገዙት ያነሰ ነው የከፈሉት። ቀድመው ያመኑ ተጠቀሙ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሆንም። ዘ ዴይ ቢፎር የተባለ ጌም ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ለሽያጭ ቀረበ፤ ታኅሣሥ 1 ቀን ሠሪው ድርጅት መዘጋቱን አስታወቀ። አራት ቀን ብቻ! ለገዢዎች ገንዘባቸው እንዲመለስ ተደረገ እንጂ ጌሙስ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

የሞሰቧ ቀብድና ይህ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሞሰቡ ካልተሰፋ እህታችንን ቤቷ ሄደን እንጠይቃታለን። ጌሙ ባያልቅ ግን ማንን እንጠይቃለን? ስቲም ራሱ፣ ጌሙ አሁን ባለበት ሁኔታ ካላጓጓችሁ ጠብቁ ብሎ ያስጠነቅቃል። ገንዘብ የሚመልሰውም በደንቡ ከተገዛ 14 ቀን ሳይሞላና ከ2 ሰዓት በላይ ሳይጫወቱት ለጠየቀ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ዋጋው 30 ዶላር ላይ አይቆምም። ያላለቀ ጌም በየጊዜው ማሻሻያ ይወጣለታል፤ ማሻሻያው በኢንተርኔት ይወርዳል፤ ዳታ ይበላል። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችን እናስታውሳለን። እንዲያ ባለ ጊዜ 14ቱ ቀን ሳይሞከር ያልፋል።

ስለዚህ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» አላልነውም። ሦስት ጥያቄ ሰጠነው።

አንደኛ፣ ጌሙ ከዛሬው ላይ ምንም ሳይጨመርበት ቢቀር ገንዘብህ ይቆጭሃል?

ሁለተኛ፣ ሠሪዎቹ ከዚህ በፊት የጀመሩትን ጨርሰው ያውቃሉ? ለመጨረሻ ጊዜ ማሻሻያ ያወጡት መቼ ነው?

ሦስተኛ፣ ለማሻሻያው ዳታ የሚሆን ገንዘብ ለይተሃል?

ለእናቱም የምንለው ነበረን። ገንዘቡ ጭስ እየጠጣ ያገኘው የላቡ ዋጋ ነው። እኛ ሴቶች በራሳችን ገንዘብ ለማዘዝ ብለን ይህን ማኅበር አቋቁመን፣ ልጃችን በገንዘቡ ሲያዝ «ጌም ነውና አይሆንም» ብቻ ብለን ብንከለክለው ምን አስተማርነው? የእኛ ድርሻ እንዲያሰላ መርዳት ነው።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ። ማሻሻያ ከወጣ አምስት ወር እንዳለፈው አይቷል። «የመጀመሪያውን ጥያቄ ስመልስ፣ የምገዛው ጌሙን ሳይሆን የሚናገሩለትን ተስፋ መሆኑ ገባኝ፤ ቢቀር ይቆጨኛል» አለን። ሲያልቅ ዋጋው ሊጨምር እንደሚችል ነገርነው። «ይጨምር፤ ያኔ የምገዛውን አውቀዋለሁ» አለ።

ሌላ ልጅ ሦስቱን ጥያቄዎች መልሶ ቢገዛ አንቃወምም። ዛሬ ያለውን ወዶ የከፈለ አልተታለለም። የሚጎዳው የነገውን በዛሬ ዋጋ የገዛ ነው፤ ዓሣው ገና ጣና ውስጥ እያለ ሒሳብ እንደ መክፈል ነው።

ብሩ አሁን በልጁ የቁጠባ ደብተር ላይ ነው። እናትና ልጅም ታርቀዋል።