ዕዳን በአገልግሎት መክፈል፦ መምህሩ የት ያገልግል?



የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት አገልግለዋል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ደግሞ ተመራቂው የትምህርቱን ወጪ በከፊል ከገቢው እንዲከፍል ሲያደርግ፣ በመምህርነት ለሚሰማራው ዕዳውን በአገልግሎት የሚያወራርድበትን በር ከፍቷል። ፊተኛው ሰውን ወደ ቦታ ይወስድ ነበር፤ ኋለኛው ወደ ሙያ ይስባል።

ለምዕራብ ሸዋ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በነቀምት አውራ ጎዳና ላይ ባሉት በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር ማስተማር፣ ክረምት መንገዱን በሚቆርጥበት በጅባት ወይም በኖኖ ገጠር ከማስተማር ጋር እኩል ሊቆጠር አይገባም። በዚያ ያገለገለ አንዱ ዓመት እንደ ሁለት ይታሰብለት እላለሁ።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ዕዳው ያለቀለት መምህር በማግሥቱ ዝውውር መጠየቁ አይቀርምና ማደሪያ ቤትና የሚያማክረው ነባር መምህር ያስፈልገዋል። ውሉን የሚፈርሙት ወጣቶችም የሚመደቡበትን ወረዳ ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቁ ይገባል።