ግሽ ዓባይ፦ የታላቁ ወንዝ ደጅ

(የምንጭ ውሃ ድምፅ፣ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ዛሬ የእግር መንገደኞች ነን። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተሰሜን፣ ሰከላ ደጋ ላይ የዓባይ ወንዝ መነሻ የሚባለው ግሽ ዓባይ አለ። መሬቱ ረግረግ ነው፤ እግር ሰመጥ ይላል። ከሳሩ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል።

ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሰዋል። ብሩስ «ቀዳሚው እኔ ነኝ» ቢልም ፓኤዝ 152 ዓመት ቀድሞታል። ሁለቱንም ግን የአገሬው ሰው ቀድሟቸዋል!

ምንጩ ጠበል ነው። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ መጻሕፍቱን ሳይርሱ ተረከቧቸው ይባላል። እናም ስትቀርቡ ጫማችሁን አውልቁ።

(የውሃው ድምፅ ይመለሳል)